ዕንቁ የሚቆጥር ማሽን

ደቡብ ጎንደር ደራ ወረዳ፣ አንበሳሜ ውስጥ ባለ አንድ የኪራይ ግቢ አምስት ተከራዮች አንድ ቧንቧ ይጋራሉ። የውሃው ቢል ሲመጣ ለአምስት ይካፈላል፤ ኩርፊያውም እንዲሁ። ሁለት ጋቢ ያጠበው መምህር ሦስት ጥንድ ካልሲ ካለቀለቀው ላጤ ጋር እኩል ይከፍላል፤ ላጤው ቅር ይለዋል። ሕፃን ያላት ተከራይ ደግሞ «የሕፃን ጨርቅ ከመቼ ወዲህ ነው የሚቆጠረው?» ትላለች። ወር በመጣ ቁጥር ይህን የሚዳኙት የግቢው ባለቤት ናቸው፤ የዚህ ወግ ጸሐፊ አክስት። ፍርዳቸው ይግባኝ የለውም፤ የሚጸናው ግን እስከሚቀጥለው ቢል ብቻ ነው።

መፍትሔው በስልክ መጣ። ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ እንዲህ ሲል መከረ፦ ያገለገለ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይገዛ፣ ግቢው ውስጥ ይቀመጥ፣ ፊቱ ላይ ሳንቲም መቀበያ ይገጠምለት። ያጠበ ይከፍላል፣ ያላጠበ አይከፍልም። ዳኛ የለ፣ ኩርፊያ የለ። ጸሐፊው ሐሳቡን ወደደው፤ ምሥራች እንደያዘ ሰው እየተጣደፈ አክስቱ ዘንድ ሄደ።

«እትዬ፣ ሳንቲም ሲጎርስ ይነሳል፤ ካልጎረሰ አይነቃነቅም» አላቸው።

አክስቱ ከሚለቅሙት ምስር ቀና አሉ። «ሳንቲም ነው ያልከኝ?»

«አዎ።»

«ምነው ልጄ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነዳያን እንኳ ሳንቲም ስትሰጣቸው ቀና ብለው ፊትህን ነው የሚያዩት። ማሽኑ ከነሱ አንሶ ነው?»

ክርክር የተረታ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ አንድም አሜን ብሎ መቀመጥ፣ አንድም ታሪክ መጥቀስ። ጸሐፊው ሁለተኛውን መረጠ። የሳንቲም መቀበያን ዘር ማንዘር ሲያጣራ ከረመ፤ የዘር ሐረጉም እንደ ብዙ የዘር ሐረግ ካሰበው ሌላ ቦታ ወሰደው።

መጀመሪያ ዕቃውን ፈትቶ ማየት ይሻላል። ሳንቲም መቀበያ ከሰው መዳፍ ብዙም የማይሰፋ ሣጥን ነው። ፊቱ ላይ ቀጭን መክተቻ አለው፤ ከሥሩ ደግሞ አልፈልግም ያለውን የሚመልስበት ሌላ አፍ። ርካሽ በሆነው ዓይነት ውስጥ የሚገርመው ነገር አንድ ሳንቲም ሁልጊዜ ታስሮ መቀመጡ ነው። ባለቤቱ ማሽኑን ሲገጥም ከኪሱ አንድ ሳንቲም አውጥቶ በሁለት የመዳብ ሽቦ ጥቅሎች መካከል ያጣብቀዋል። ያ ሳንቲም ከዚያ ወዲያ አይወጣም፤ ምስክር ሆኖ ይኖራል። ሌላው ሳንቲም ከላይ ሲወርድ በተመሳሳይ ጥቅሎች መካከል ያልፋል። የብረቱ ዓይነት፣ ስፋቱና ውፍረቱ በጥቅሎቹ ዙሪያ ያለውን መግነጢስ ይለውጠዋል። ለውጡ ከታሰረው ሳንቲም ለውጥ ጋር ከተስማማ በሩ ይከፈታል፤ ሳንቲሙ ወደ ካዝናው ይወድቃል፤ በቀጭን ሽቦም አንድ ምት ወደ ሰዓት ቆጣሪው ይሄዳል። ካልተስማማ በሩ እንደተዘጋ ይቀራል፤ ሳንቲሙም ተንሸራትቶ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ አይፈጅም።

ሻል ያለው ዓይነት ምስክር አያስርም፤ ይማራል። ገጣሚው አዲስና ያረጀ፣ የጠራና የጠቆረ እየቀላቀለ፣ አንዱን ዓይነት ሳንቲም አሥራ አምስት ሃያ ጊዜ ይጥልለታል። ማሽኑ መልካቸውን በአማካይ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ሳንቲምን በክር አስሮ ከቶ መልሶ የሚስብ ብልጥ እንዳይመጣ መንገዱ ላይ ክር የሚይዝ ወጥመድ ይደረግለታል። በሠፈር ልጅ አእምሮ ላይ እምነት የጣለ መሐንዲስ የለም።

ይህን ሥራ የመዳብ ሽቦ ከመሥራቱ በፊት የበጌምድር ገበያተኛ ይሠራው ነበር። ከጣና በስተምሥራቅ ያለው ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀ ገበያና የቀረጥ ኬላ ነበር። እዚያ የሚዘዋወረው ዋና ገንዘብ ጠገራ ብር ነው፤ የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን ብር። እቴጌዋ የሞቱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ ለትውልዶች የተመታው ጠገራ ሁሉ የያዘው ያንኑ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት ነው፤ ቁጥሩ ቢለወጥ ተቀባዩ እንደሚያፈገፍግ አስመቺዎቹ አውቀዋል።

ተቀባዩ ቀላል ሰው አልነበረም። ብሩን ከነጋዴው እጅ ይወስድና ያገላብጠዋል። በእቴጌዋ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ይመለከታል፤ ዕንቁዎቹ ጥርት ብለው ካልታዩት፣ ቁጥራቸውም ካልሞላለት፣ ይመልሳል። ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል። በመዳፉ ከፍ ዝቅ አድርጎ ይመዝነዋል። ከተጠራጠረ ቀድሞ ካመነው ሌላ ብር ጎን አስቀምጦ ያስተያያል። የአሁኑ ማሽን ምስክር ሳንቲም አስሮ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ማሽኑ ዕንቁ መቁጠር አለመቻሉ ነው። የመልክን ነገር አያውቅም። እቴጌም ትሁን አንበሳ፣ ብረቱና ልኩ ከገጠመ ያሳልፋል።

ከጠገራው ጋር አሞሌ ጨው ይሄድ ነበር። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር በግመልና በበቅሎ ወጥቶ ደጋ የሚደርስ፣ ለዝርዝር የሚያገለግል የጨው ጡብ። አሞሌ ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ቢከፈል ኖሮ ማሽኑ ገንዘቡን ከልብሱ ጋር አብሮ ያሟሟው ነበር። አፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ፓሪስ ውስጥ የራሳቸውን ብር ሲያስመቱ አላድ፣ ሩብና ተሙን የሚባሉ ዝርዝሮችም አብረው መጡ፤ የሰሜን ገበያተኛ ግን የለመዳትን እቴጌ አልለቅም ብሎ ብዙ ዘመን ቆየ። አዲስ ገንዘብ ማስመታት የንጉሥ ሥልጣን ነው፤ ማስተማመን ግን የገበያተኛ።

ይህ ጥርጣሬ ገንዘቡ ራሱ ላይ ቅርፁን ጥሏል። የ1936 ዓ.ም. ሳንቲሞች ሲወጡ 50 ሳንቲሙ ብር፣ 25 ሳንቲሙ መዳብ ነበር፤ በስፋት ግን ተቀራረቡ። ስሙኒው ከሽልንጉ ጋር እንዳይምታታ በኋላ ጠርዙ ዙሪያውን እንደ አበባ ተከርክሞ ወጣ። የድሮ ሳንቲም ያስቀመጠ አያት ያለው አንባቢ አውጥቶ ጣቱን ጠርዙ ላይ ያዙረው፤ ዓይን ሳያይ ጣት እንዲያውቅ የተሠራ ነው። በ1969 ዓ.ም. የወጡት ደግሞ ገበሬውን ከነበሬዎቹ በ1 ሳንቲም፣ ወታደሩን በ5፣ ደጋ አጋዘኑን በ10 ላይ አሰፈሩ። በ2002 ዓ.ም. የተቀረጸው ባለ አንድ ብር ሳንቲም ከሁለት ዓይነት ብረት፣ ቀለበቱ ሌላ መሐሉ ሌላ ሆኖ ተሠራ። ባለ ሁለት ብረት ሳንቲም አስመስሎ መሥራት ከባድ ነው፤ ለመቀበያ ማሽንም ይመቻል። ማሽኑ ግን የለም። ሳንቲሙ የሚመጥነውን ማሽን ሳያገኝ ዋጋው ወረደ።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ስለ ሳንቲሙ ነው። የመክተቻው ቀዳዳ ታሪክ ግን ሌላ ቦታ ይጀምራል፤ የሚጀምረውም ውሃ ላይ ነው።

ለአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ጳጳስ ስናስመጣባት የኖርነው እስክንድርያ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ሄሮን የሚባል መሐንዲስ ነበራት። ሄሮን ስለ አየርና ውሃ ኃይል በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በቤተ መቅደስ ደጃፍ የሚቆም ዕቃ ገልጿል። ምእመኑ አምስት ድራክማ የሚያወጣ ሳንቲም ከላይ ይከታል። ሳንቲሙ በሚዛን ጫፍ ላይ ባለች ሰፌድ መሳይ ሳህን ላይ ያርፋል፤ ሳህኗ ዝቅ ስትል ሌላው የሚዛን ጫፍ ከፍ ብሎ የውሃውን መዝጊያ ይከፍታል። ውሃ ይፈሳል፤ ሰውየው ይታጠባል። ሳህኗ እያዘነበለች ስትሄድ ሳንቲሙ ተንሸራትቶ ይወድቃል፤ መዝጊያው በክብደቱ ይመለሳል፤ ውሃው ይቆማል። እንግዲህ በዓለም ላይ በጽሑፍ የሚታወቀው የመጀመሪያው ሳንቲም ተቀባይ ማሽን የመታጠቢያ ውሃ የሚሸጥ ነበር። የአንበሳሜው ግቢ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ወደ መነሻው ሊመለስ ነው ማለት ነው።

ሄሮን ግን ዕንቁ አይቆጥርም። የእሱ ሳህን የምታውቀው ክብደት ብቻ ነው። አምስት ድራክማ የሚመዝን ጠጠር ቢከተትባት ቅዱሱን ውሃ ሳታቅማማ ትለቃለች። ቤተ መቅደስ ስለሆነ ምናልባት በምእመኑ ፈሪሃ አምላክ ተማምኖ ይሆናል።

ከሄሮን በኋላ ቀዳዳው ብዙ ዘመን ተኛ። የነቃው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እንግሊዝ ውስጥ ነው፤ ፖስታ ካርድ የሚሸጡ ማሽኖች መጡ፣ ቀጥሎም በድሃ ቤት ኩሽና ፔኒ ካልጎረሰ ጋዝ የማይለቅ ቆጣሪ። የኛን ካርድ ቆጣሪ የሚያውቅ ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ አስቀድሞ የከፈለ ያበራል፣ ያልከፈለ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል።

የልብስ ማጠቢያው መጀመሪያ ሳንቲም አልጠየቀም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1934፣ በኛ ሚያዝያ 1926 ዓ.ም.፣ አሜሪካ ቴክሳስ ፎርት ወርዝ ከተማ ውስጥ አራት የኤሌክትሪክ ማጠቢያ ያለው ቤት ተከፈተ፤ «ዋሻቴሪያ» አሉት። ኪራዩ በሰዓት ነበር፤ ገንዘቡን የሚቀበለውም ሰው። ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነበርና ማሽን መግዛት ያቃተው ሁሉ በጋራ ተጠቀመ። ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ቤት ኩዊንስዌይ በሚባል ጎዳና ላይ የተከፈተው በ1941 ዓ.ም. ግንቦት 1 ቀን ነው። በልደታ። ደብረ ታቦርና ጎንደር ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ሲቀቅል፣ ለንደን ሸሚዟን ይዛ ወረፋ ያዘች። ሳንቲም መቀበያው ማጠቢያው ላይ በብዛት የተገጠመው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሆነ ቤት ሌሊቱን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ደመወዝ ይፈልጋል፤ ቀዳዳ ደመወዝ አይጠይቅም።

ጸሐፊው እዚህ ሲደርስ ያገኘውን ለአክስቱ አወጋቸው። እሳቸው ግን ስለ ቴክሳስ አልጠየቁም። «ለመሆኑ ማን ነበር የሚያጥበው?» አሉ። «ወንዱ ነው ሴቷ?»

ጥያቄው እዚያው ደራ ውስጥ መልስ ነበረው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ደራን አልፎ ጢስ ዓባይን ለማየት ወርዷል፤ ጎንደርም ብዙ ጊዜ ተቀምጧል። በጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ካሰፈራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ በዚያ ዘመን ወንድ ገበያ ወጥቶ መግዛት፣ ውሃ መቅዳትና እንጀራ መጋገር ነውር ሲሆንበት፣ ልብስ ማጠብ ግን የእሱ ግዴታ ነበር። የሁለቱንም ጾታ ልብስ ያጥባል፤ ሴቶች በዚህ ሊያግዙት አይችሉም።

አክስቱ ምስሩን ተዉት። «እና ማነው ያስቀረው?»

ለዚህ ታሪክ መልስ አልነበረውም። እዚያው ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ ውስጥ ያለችው አውራ አምባ፣ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቷት ማኅበረሰብ፣ የቤት ሥራን በጾታ አትከፍልም፤ እንግዳ ሁሉ ይህን ሊያይ ይሄዳል። እንደ ብሩስ ምስክርነት ከሆነ ግን ወንድ ልብስ ሲያጥብ ለማየት አንድ ዘመን በየወንዙ ዳር ማለፍ ይበቃ ነበር።

ያን ጊዜ ኦሞ የለም፤ እንዶድ ነበር። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ በውሃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል፤ ሸማ በእግር እየተረገጠ ይታጠብበታል። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1956 ዓ.ም. አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያየው በዚህ ምክንያት ነው። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ናቸው፤ በሽታው የጣና ዳር ሕዝብም የሚያውቀው ነው። ግኝቱ አክሊሉንና የሥራ ባልደረባውን ለገሠ ወልደ ዮሐንስን እንደ አውሮፓ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አሸለማቸው። ከጋራ ማጠቢያ ቦታ ከወጡ የሀገራችን ነገሮች ዓለም የሰማው ይህ ነው። ወንዙ ሳንቲም አልጠየቀም፤ ቢል አላመጣም፤ ከላይ ያጠበና ከታች ያጠበ ግን ያኔም ይነታረክ እንደነበር መገመት ኃጢአት አይሆንም።

ምክሩን በስልክ የላከው ዘመድ የሚኖረው ሌላዋ እስክንድርያ ውስጥ ነው፤ ቨርጂኒያ ያለችው። እዚያ ሳውዘርን ታወርስ የሚባሉ አምስት ረጃጅም ሕንፃዎች አሉ፤ ሊፍቱ ውስጥ አማርኛ መስማት ብርቅ ካልሆነባቸው የአሜሪካ ሕንፃዎች መካከል ናቸው። በዋሽንግተን ዙሪያ የኖረ ሐበሻ ሁሉ ኳርተር የምትባለውን 25 ሳንቲም እንደ መድኃኒት ሲቆጥብ ኖሯል። 5.67 ግራም ናት። ባንክ አርባውን በወረቀት ጠቅልሎ በ10 ዶላር ይሰጣል። ታክሲ ነጂው ቀን የሰበሰባትን ማታ አጥቦባታል። በአሮጌው ዓይነት ማሽን ላይ ኳርተሮቹ ተደርድረው በመግፊያ ምላስ ላይ ይቆማሉ፤ በመዳፍ ሲገፉ ግርር ብለው ይገባሉ። አንዷ ከጎደለች ምላሱ አይገባም፤ ከቅዳሜ ማታው ድካም በኋላ እርጥብ ልብስ ታቅፎ ለአንዲት ኳርተር የጎረቤት በር ያንኳኳ ሰው ይህን አይረሳም። እንደ አውሮፓ በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሱቅ ሲያዘጋ የአሜሪካ ሳንቲም መዘዋወሩን ቀነሰ፤ ማዕከላዊ ባንኩ ለባንኮች በኮታ አደለ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የልብስ ማጠቢያ ሳንቲሙን እንደ ወርቅ ደበቀ። ዛሬ ብዙዎቹ ማሽኖች በካርድና በስልክ የሚሠሩ ሆነዋል። ዘመዱ ለአንበሳሜ የመከረው እሱ ራሱ እየተሰናበተው ያለውን ነገር ነው።

አሁን ሒሳቡ ወደ ግቢው ይመለስ። አንድ እጥበት 60 ብር ነው እንበል። ካሉን ሳንቲሞች ትልቁ ባለ አንድ ብሩ ነው፤ ስለዚህ አንድ ጋቢ ለማጠብ ስድሳ ሳንቲም አንድ በአንድ ይከተታል። አምስቱ ተከራዮች በሳምንት አንድ ጊዜ ቢያጥቡ ሦስት መቶ ሳንቲም ነው። ያን ያህል ዝርዝር ከየት ይመጣል? ከአክስቱ። አክስቱ ከየት ያመጡታል? ከማሽኑ ካዝና። ሳንቲሙ ከካዝና ወጥቶ በተከራይ እጅ አልፎ ወደ ካዝናው ይመለሳል፤ በግቢው አጥር ውስጥ የሚዞር የግል ገንዘብ ይሆናል ማለት ነው። ዋጋውም አይጸናም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። ኦሞ ሲወደድ እጥበቱም ይወደዳል፤ ስድሳው ሰማንያ ይሆናል፤ ቀዳዳዋ ግን ያቺው ናት።

«ታዲያ ቴሌብር አይበቃም?» አለ ላጤው፣ ወሬውን ከበራፉ ሆኖ ሲሰማ ቆይቶ።

ነገሩ ልክ ነው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሀገሩ ሳንቲሙን ዘሎ ወደ ስልኩ ተሻግሯል። ኢንተርኔት ባይኖርም በ*127# ይሠራል፤ የአማራ ክልል ሰው ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ የዚህን ጥቅም አይቷል። ስልክን ከማጠቢያ ጋር የሚያናግር ሰሌዳም ሊሠራ ይችላል። እስኪሠራ ድረስ ግን ማሽኑን የሚያስነሳው ሰው ነው፤ ብሩ መግባቱን አይቶ ቁልፍ የሚጫን። የሐሰት የክፍያ መልእክት እያሳዩ ዕቃ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ስላሉ ደግሞ ማየት ብቻ አይበቃም። አክስቱ ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ፣ ከዚያ ቀረብ ያደርጉታል። «ከማን ይላል? ቁጥሩን አንብብልኝ። ቀሪ ሒሳቤን ያሳያል?» ይላሉ። የይፋግ ገበያተኛ ጠገራውን ሲያገላብጥ እንዲህ ነበር። ዕንቁዎቹ ብቻ ናቸው የተለወጡት።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ስለዚያ ታስሮ ስለሚኖር ሳንቲም መልሶ አሰበ። ምስክሩ የግድ የብሔራዊ ባንክ ገንዘብ መሆን የለበትም። ማሽኑ የሚያውቀው ብረትና ልክ ነው። አንድ የብረት ሠራተኛ ከነሐስ ላሜራ ሠላሳ ክብ ቶከን ቆርጦ ቢሰጥ፣ አንዱ ይታሰራል፣ ሃያ ዘጠኙ አክስቱ ዘንድ በጣሳ ይቀመጣሉ። ተከራይ በጥሬ ብርም ሆነ በቴሌብር ከፍሎ አንድ ቶከን ይወስዳል። አንድ ቶከን አንድ እጥበት ነው። ኦሞ ሲወደድ የቶከኑ ዋጋ ይጨምራል፤ ቀዳዳው፣ ሽቦው፣ ምስክሩ አይነካም። ስድሳ ሳንቲም መክተት ቀረ፤ ዝርዝር ፍለጋ ቀረ። ልኩ በገበያ ከሚገኝ የቡሎን ሮንዴላ ጋር እንዳይመሳሰል ብቻ መጠንቀቅ ነው።

ይህን በኩራት አስረዳ። አክስቱ አሰቡበት።

«ቶከኑን የምሸጠው እኔ ነኝ?»

«አዎ እትዬ።»

«ሒሳቡን የምይዘው፣ ዋጋውን የምወስነውስ?»

«እርስዎው ነዎት።»

«እንግዲያው ቦኖ ጠባቂ ሆንኩ ማለት ነዋ።»

ቦኖ ጠባቂን የማያውቅ የከተማ ልጅ የለም። ከሕዝብ ቧንቧ አጠገብ ተቀምጣ በጀሪካን የምታስከፍል ሴት ናት። ከማንኛውም መቀበያ የምትሻልበት ነገር አለ፤ መልስ ትሰጣለች፣ ዱቤ ትይዛለች፣ የተቀደደ ብር አይታ ትፈርዳለች፣ አራስ ያለባትን ቤት ከወረፋ ታስቀድማለች። የምታንስበትም አለ፤ ሌሊት ትተኛለች፣ በግንቦት ልደታ ትዘጋለች፣ ደግሞም ለሁሉም አንድ ዓይነት ፊት የላትም። ለሃያ ዓመት እኩል ያልተፈረደለት ላጤ ማሽኑን የሚመርጠው ለዚህ ነው። ማሽን ጋቢና ካልሲን አያዳላም።

አክስቱ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቷቸው ነበር። «ውሃ የሄደ ለታስ? ልብሱ ኦሞ ውስጥ እንዳለ ውሃ ቢቋረጥ፣ ያጎረስነውን ይመልሳል?»

አይመልስም። መቀበያው የሚመልሰው ያልተቀበለውን ብቻ ነው፤ የዋጠውን አይተፋም። ለመብራት መጥፋት ችግር የለም፤ ኃይል ሲቋረጥ በሩ ዝግ ሆኖ ስለሚቀር የተከተተው ሁሉ ተንሸራትቶ ይመለሳል፤ የሚዞር ቁልፍ ያለው አሮጌ ማሽን ደግሞ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ባለ ዲጂታሉ ግን ከሀ የሚጀምርበት ጊዜ አለ። ችግሩ ውሃ ነው። መቀበያው ስለ ውሃ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ባዶ ቧንቧ ላይም ቢሆን ገንዘብ መቀበሉን ይቀጥላል። አንዳንድ መቀበያዎች ግን «አትቀበል» የሚል ምልክት የሚደርሳቸው ተጨማሪ ሽቦ አላቸው። ገጣሚዎች ችላ የሚሉት እሱን ነው።

ስለዚህ አንበሳሜም ሆነ ሐሙሲት፣ ደብረ ታቦርም ሆነ ወረታ፣ ለጋራ ግቢ ይህን የሚሞክር ወጣት ካለ ልመናው ይህ ነው። ማሽኑን ከመግዛቱ በፊት ሮቶ ይግዛ። ሮቶው ውስጥ ውሃ ሲጎድል የሚወርድ ተንሳፋፊ ማብሪያ ያድርግ፤ ሽቦውንም ወደዚያች «አትቀበል» ወደምትለው ጫፍ ይሳብ። ለአንድ እጥበት የሚበቃ ውሃ ከሌለ ቶከኑ ተመልሶ በሰውየው መዳፍ ላይ ይውደቅ። የአንበሳሜው ግቢ ሮቶ ገና አልተገዛም፤ አክስቱ ዋጋ እያጠያየቁ ነው።